የአክስቴ ዳርሚ ስም የጎደለበት ዝርዝር

ይህን የምጽፈው አጎቴንና አክስቴን አስፈቅጄ ነው። አክስቴ ዳርሚ «ጻፊው፤ ግን እግሬን እንዳታሳምሪው» አለችኝ። አጎቴ ጃርሶ ደግሞ «እኔንም እንዳታሳምሪኝ» አሉ። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ስሜ ሰዓዳ ነው። የተወለድኩትም ያደግኩትም ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ሄሉ በሚባለው ሰፈር ነው። አባቴ ቦረና ነው፤ እናቴ ከወዲያኛው ሞያሌ የመጣች የስልጤ ነጋዴ ልጅ ናት። አባቴ ሲቆጣ በኦሮምኛ፣ ሲነግድ በስዋሂሊ፣ ከእናቴ ጋር ሲሆን ደግሞ በአማርኛ ይናገራል። የአባቴ ታላቅ ወንድም አጎቴ ጃርሶ ኡራን በሚባል የገጠር መንደር የሚኖሩ ከብት አርቢ ናቸው። ለዓመታት ግመል ወደ ኢትዮጵያ ገበያ ሲነዱ አማርኛውን ለምደውታል። ቤታችን ሲመጡ ለእናቴ አክብሮት ሲሉ በአማርኛ ያወራሉ።

እኔ ናይሮቢ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ ከፊት የምቀመጥ፣ መምህር ሳይጠይቅ እጄን የማወጣ ዓይነት ሰው ነኝ። በመጀመሪያው ሴሚስተር መጨረሻ «ቤት ውስጥ ጠመንጃ ማስቀመጥ ያድናል ወይስ ይጎዳል?» በሚል ርዕስ ክርክር ተሰጠን። ለእኔ የደረሰኝ «ይጎዳል» የሚለው ወገን ነበር። ከየጥናቱ ቁጥር ለቃቅሜ፣ ሥዕላዊ መግለጫ ሠርቼ ቀረብኩና ተጨበጨበልኝ። መምህራችን ግን ሲወጣ አንድ ነገር ጠየቀኝ።

«እነዚህ ቁጥሮች የማን ሀገር ናቸው? አንቺ የመጣሽበት አካባቢ ያለ ሰው ቢሰማቸው ይቀበላል?»

«ይቀበላል» አልኩት ያለ ምንም ጥርጣሬ።

ፈገግ ብሎ ሄደ። ያ ፈገግታ ሞያሌ ድረስ በአውቶቡስ አብሮኝ መጣ።

ቤት ስደርስ የአባቴ ቅንድብ ተሰፍቶ አገኘሁት። አባቴ የፕላስቲክ ሸራ፣ ጄሪካንና ገመድ የሚሸጥባት ሱቅ ከቤታችን ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘች ናት። እኔ ከመምጣቴ ሁለት ሳምንት በፊት ሌቦች የሱቁን ግድግዳ ሰርስረው ገብተዋል። አባቴ ድምፅ ሰምቶ ሲወጣ በብረት መቱት። ከዚያ ወዲህ እናቴ እንደነገረችኝ በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣል። አባቴ ሲደነግጥ አይቼ ስለማላውቅ ይህ ከቁስሉ በላይ አሳዘነኝ።

ረቡዕ ከሰዓት አጎቴ ጃርሶና ሚስታቸው አክስቴ ዳርሚ በጭነት መኪና ከኡራን መጡ። አክስቴ የመጣችው እግሯን ለመታከም ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ግመል ረግጧት ታነክሳለች፤ ሰሞኑን ብሶባታል። አጎቴ በትከሻቸው ረጅም የተጠቀለለ ምንጣፍ ይዘው ነበር። ኡራን የሚሠራ ምንጣፍ ቤታችን ብርቅ ስላልሆነ ነገሬ ብዬ አላየሁትም። ሰሃን ስናጥብ እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ምንጣፉ ውስጥ ያለው ምንጣፍ ብቻ አይደለም» አለችኝ።

እጄ ሳሙናው ውስጥ ቀረ።

አጎቴ የራሳቸውን ጠመንጃ ለወንድማቸው አምጥተውለት ኖሯል። ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ሲመለስ እሳቸውና አክስቴ ይሄዳሉ፤ ጠመንጃው ይቀራል። ቤቱ ውስጥ ደግሞ የሰባት ዓመቷ እህቴ ነኢማ አለች። ጓዳ የማትገባበት፣ ዕቃ የማታገላብጥበት ቀን የለም።

በማግስቱ አባቴን ሱቅ ውስጥ ብቻውን አገኘሁትና የምለውን ሁሉ አልኩት። ገመድ እየጠቀለለ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«አጎትሽን አሳምኚ» አለ። «ነገ ከጁምዓ በኋላ እንቀመጥ። ካሳመንሻቸው ይወጣል። ካላሳመንሻቸው ግን ይህን ነገር ዳግም በአፍሽ እንዳታነሺው። ተስማማን?»

«ተስማማን» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ክርክር እችላለሁ ብዬ አስባለሁና።

ዓርብ ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ አጎቴ ግድግዳውን ተደግፈው፣ አባቴ ከጎናቸው ተቀመጡ። እናቴና አክስቴ በሩ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ነበሩ፤ ነኢማ ደግሞ ከእናቴ ጀርባ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። እኔ ላፕቶፔን ከፍቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንዳደረግሁት ጀመርኩ።

«በመጀመሪያ በዚህ ቤት ያለነውን ሰዎች እንይ» አልኩና በጣቴ እየጠቆምኩ መቁጠር ያዝኩ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...»

አጎቴ በመዳፋቸው ወለሉን መቱት። «እጅሽን ሰብስቢ!»

ነኢማ እርሳሷን ጣለች።

«ሰው እንደ አባትሽ ጄሪካን ይቆጠራል እንዴ? ይህን ነው ናይሮቢ ያስተማሩሽ?»

ኡራን ውስጥ ሰውም ከብትም በቁጥር እንደማይጠራ ከልጅነቴ አውቃለሁ። በረካ፣ ማለትም በረከት፣ ያለው ነገር ከተቆጠረ ይጎድላል ይባላል። አጎቴ ማታ ማታ በረቱ በር ላይ ቆመው ከብቶቹ ሲገቡ ያያሉ፤ ከዚያ «ቡሬዋ የለችም» ይላሉ እንጂ «አንድ ጎደለ» አይሉም። አንድ ሴሚስተር ይህን አስረስቶኝ ነበር። ይቅርታ ጠይቄ እጄን ቀሚሴ ስር ደበቅሁ።

«ቀጥይ፣ ሙዋሊሙ» አሉ አጎቴ። በስዋሂሊ መምህሯ ማለታቸው ነው፤ አክብሮት ግን አልነበረበትም።

ሥዕላዊ መግለጫውን አሳየኋቸው። ከፍ ያለው ዘንግ ጠመንጃ ያለበት ቤት፣ ዝቅ ያለው የሌለበት ቤት እንደሆነ ገለጽኩላቸው። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ተመለከቱት።

«ይህን የጻፉት ሰዎች ኡራንን ያውቁታል?»

«አያውቁትም።»

«ሽፍታ ከብታቸውን ነድቶባቸው ያውቃል?»

«ከብት ያላቸው አይመስለኝም።»

«እንግዲያው ስለ ቤታቸው ነው የነገሩሽ። ቤታቸውን ሰላም በያቸው።»

አባቴ ሳቁን በሳል ሸፈነው። እኔ ግን አልተውኩም። ጥናቶቹ በተለያየ ቦታ መሠራታቸውን፣ ሰው በየትም ሰው መሆኑን ተናገርኩ። አጎቴ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «ሰው የሚሞተው ገበያ ይበዛል ወይስ ሆስፒታል?»

«ሆስፒታል።»

«ታዲያ ሆስፒታል ይፍረስ? የታመመ ሰው ስለሆነ የሚሄደው አይደለም? ጠመንጃ የሚያስገባም ሰው ጠላት ያለው ሰው ነው። ጠመንጃው ባይኖርም ጠላቱ ይመጣ ነበር። ያንቺ ወረቀት ጠላቱን ትቶ ጠመንጃውን ከሰሰ።»

ይህንኑ ነገር መምህራችን ሙሉ ሁለት ሰዓት አስተምሮናል፤ ፈተና ላይ መጥቶልኝም ትክክል መልሻለሁ። መጽሐፍ ከፍተው የማያውቁት አጎቴ ግን ከበረት በር ላይ ሆነው አግኝተውታል። ለፈተናው የጻፍኩት መልስ ለእሳቸው የሚሆን አልነበረም።

አባቴ የተሰፋውን ቅንድቡን ዳሰሰ። «ጨረስሽ፣ ልጄ?»

«የከሰዓቱ የአሱር ሰላት ሳይደርስ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ» ብዬ ወጣሁ።

ጓሮ በርሜሉ አጠገብ ቆሜ ፊቴን ውሃ አስነካሁ። ተሸንፌያለሁ። ጓዳ ገብቼ ማልቀስ እችል ነበር፤ ነገር ግን ነገ መኪናው ይሄዳል፤ ያ ነገር ይቀራል። የቀረኝ ደብተሬ ብቻ ነበር። በጀርባው ላይ ከረቡዕ ጀምሮ አክስቴ ዳርሚና የሰፈር ሴቶች የነገሩኝን፣ ጠመንጃ የጎዳቸውንና ያዳናቸውን ሰዎች ስሞች ጽፌአለሁ። እግሯን ለብ ባለ ውሃ ሳጥብላት እያስታወሰች ብዙውን የነገረችኝ አክስቴ ናት። ይዤው ያልቀረብኩት ወሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም ብዬ ስለናቅኩት ነበር። ያኔ አጎቴ በረቱ በር ላይ ቆመው ታዩኝ። የጎደለችውን የሚያውቋት በመልኳ ነው።

ተመልሼ ገባሁ። ላፕቶፑን ዘጋሁና ደብተሩን ይዤ ቁጭ አልኩ።

«አጎቴ፣ ቁጥሩን ትቼዋለሁ። እርስዎ ከብቱን በመልኩ እንደሚጠሩት እኔም ሰዎቹን በስማቸው ልጥራ። የእኛን ሰዎች ብቻ። ምን እንደሆኑ ግን እኔ አልናገርም፤ እርስዎ ይንገሩኝ።»

«ጠመንጃ ያዳናቸውንም ትጠሪያለሽ?»

«ከእነሱ እጀምራለሁ። ቦሩ።»

ፊታቸው ፈካ። «ቦሩ! ሽፍቶቹ ሲመጡ ወደ ሰማይ ተኩሶ ግመሎቹን ያተረፈ ጀግና።»

«የት ነበር?»

«ሜዳ ላይ ነዋ፣ ከመንጋው ጋር።» ቆም አሉ። «ቤት አልነበረም፤ ልክ ነሽ። ቀጥይ።»

«አደን።»

«ጠመንጃውን ሲወለውል ባረቀበት። አላህ ይማረው።»

«ቃበሌ።»

«ከወንድሙ ጋር ተጣላ። በጊደር።» አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በአንዲት ጊደር። ክንዱ እስከዛሬ አይታጠፍም።»

«የታላሶ ልጅ።»

«እሷን ተይ» አሉ።

«ማን ነበር የተኮሰው?»

«ወንድሟ። ከአልጋ ስር አግኝቶት። ልጅ ነበር፤ ተይው አልኩሽ!»

«ከእነዚህ ውስጥ ሌባ ወይም ሽፍታ የተኮሰበት የቱ ነው?»

አጎቴ ከኮፍያቸው ስር ላባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ጥንቃቄ የሌላቸው ሰዎች ናቸው! እኔ ጠመንጃ የያዝኩት አባትሽ ጥርስ ሳያበቅል ነው። የእኔ መሣሪያ ቤት ውስጥ ሰው ነክቶ አያውቅም!»

«ሰዓዳ» አለች አክስቴ ዳርሚ ከበሩ አጠገብ። «ስም ዘለልሽ።»

ደብተሬን አየሁ። «ማንን?»

«እኔን።»

መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። አክስቴ ቀልደኛ ናት። ከጎኗ ካለው ዘንቢል ትልቅ ፖስታ አውጥታ ሰጠችኝ። ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታል የተነሳችው የራጅ ፎቶ ነበር፤ እስከዚያች ሰዓት ለማንም አላሳየችም። ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳሁት። ከጉልበቷ በላይ፣ ከአጥንቱ አጠገብ፣ የጣቴን ጫፍ የምታህል አንዲት ነጭ ነገር ነበረች። ጫፏ ሾጠጥ ያለ ነው።

«ሐኪሙ ምን ነካሽ አለኝ» አለች። «ግመል አልኩት። ግመል ጥይት ትውጣለች እንጂ አትተፋም አለኝ።»

ማንም አልሳቀም። አባቴ ራጁን ከእጄ ወስዶ አየው፤ ከዚያ ወንድሙን አየ።

አጎቴ ጃርሶ ጭንቅላታቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ ነበር። ሲናገሩ ድምፃቸው አልተሰማኝምና ጠጋ አልኩ።

«በዚያ ቀን ሽፍታ መጣ ተብሎ ነበር» አሉ። «ፀሐይ ጠልቃለች። እሷ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ዘገየች። ከአጥሩ ውጭ ኮቴ ሰማሁ። ማነው አላልኩም። ማነው ማለት... አንዲት ቃል ናት። አላልኩም።»

«ጄሪካኑንም በሳው» አለች አክስቴ። «ያን ሁሉ መንገድ የተሸከምኩት ውሃ ፈሰሰ። እሱ ነው መጀመሪያ ያናደደኝ።»

«ለሽማግሌዎቹ ግመል ረገጣት ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ ዝም አለችልኝ።»

አባቴ ራጁን ወደ ፖስታው መለሰው። በኋላ ቀስ ብሎ «ኦቦ ጃርሶ» አለ፤ ታላቅ ወንድሙን የሚጠራው እንዲህ ነው። «የእኔ ግን ይለያል። እኔ ልጆቹ በማያውቁት ቦታ ነው ያስቀመጥኩት። ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም።»

ነኢማ ከእናቴ ጀርባ ብቅ አለች። «ከፍራሼ ስር ያለው ነው?»

ሁላችንም ዞር አልን።

«ከእግሬ በኩል ያለው። ይቀዘቅዘኛል። ስለዚህ እግሬን ሰብስቤ ነው የምተኛው» አለችና ወደ ቤት ሥራዋ ተመለሰች።

ሌባ የሕፃን አልጋ አይፈትሽም ብሎ ነው አባቴ እዚያ ያስቀመጠው። ተነስቶ ወደ ክፍሏ ገባ። ጠመንጃው ውስጡ እንዳለ ምንጣፉን ታቅፎ ወደ ጓሮ ወጣ፤ አጎቴ ተከተሉት። እኛን ወደ ኋላ አስቀርተው ጥይቱን አወጡ። ከሩቅ ሆኜ የሰማሁት አንድ የብረት ድምፅና የአባቴን ጥያቄ ነው።

«ጥይት ጎርሶ ነበር?»

«ያልጎረሰ ጠመንጃ ዱላ ነው ብዬ...» አጎቴ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም።

ሁለት ሌሊት ነኢማ የተኛችው በጎረሰ ጠመንጃ ላይ ነበር። አባቴ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም፤ የቀረው ወዴት የሚለው ብቻ ነበር። አጎቴ ወደ ኡራን እመልሰዋለሁ አሉ። አክስቴ «ወደ እኔ ቤት? አይመለስም» አለች። በዚያው ዕለት መስጊድ ውስጥ ቺፍ የሚባለው የሰፈሩ የመንግሥት አስተዳዳሪ ያስተላለፈው መልእክት ተነግሮ ነበር፦ መሣሪያ ያለው በፈቃዱ ካስረከበ አይታሰርም። አባቴ አላመነም። «ሰው አፉ ያመጣለትን ይላል፤ አንዴ እጅህ ላይ ካዩት በኋላ ግን ምን ታደርጋለህ?» አለ።

«እኔ ከፊት እሄዳለሁ» አለች አክስቴ ዳርሚ በትሯን እያነሳች። «አንካሳ ሴት ላይ የሚተኩስ የለም። ከተኮሰም ለምጄዋለሁ።»

አባቴ ወደ መስጊዱ ኢማም ደወለ፤ ኢማሙ ወደ ቺፉ ደወሉ፤ «ጥይቱን ለብቻ አድርጋችሁ ኑ» የሚል መልስ መጣ። ወጣን። አክስቴ እያነከሰች ከፊት፣ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ አባቴ ምንጣፉን ታቅፎ፣ አጎቴ ጥይቱን በስኳር ወረቀት ጠቅልለው ይዘው፣ እኔ ከኋላ። ሰው የሚያመላልሱት የቦዳቦዳ ሞተረኞች «ማማ፣ እናድርስሽ!» እያሉ ይጣሩ ነበር። አክስቴ «ይህን በእግር ነው የሚሄዱት» ትላቸዋለች። መንገዱ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። በእሷ እርምጃ ግን ረዘመ፤ ማንም አላስቸኮላትም።

የቺፉ ቢሮ በር ላይ ሁለት የታጠቁ ጠባቂዎች ጠበቁን። «መሬት ላይ አስቀምጡና ራቁ!» አለ አንደኛው በስዋሂሊ። አባቴ ሊያስቀምጥ ሲጎነበስ አጎቴ በድንገት የምንጣፉን ጫፍ ያዙ። ለምን እንደያዙት የሚያውቁ አይመስለኝም። እጃቸው አልላቀቅ አለ። ጠባቂው መሣሪያውን አነሳ።

«ጃርሶ» አለች አክስቴ። ባሏን በስሙ ስትጠራ በሕይወቴ ሰምቻት አላውቅም። «ልቀቀው።»

ለቀቁት።

ቺፉ ሸምገል ያለ ሰው ነው። መዝገቡን አውጥቶ ጠመንጃውን ከጻፈ በኋላ ወደ ወረቀቱ ጠቆመ። «ጥይቱ ስንት ነው?»

አጎቴ ጥይቶቹን ጠረጴዛው ላይ ፈሰስ አደረጉ። ከዚያ በጣታቸው እየገፉ፣ ጮክ ብለው፣ «አንድ። ሁለት። ሦስት...» እያሉ እስከ መጨረሻው ቆጠሩ። ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ። «ይህ በረካ የለውም» አሉኝ። «ይቆጠራል።»

«ይኸው ነው? ሌላ የለም?» አለ ቺፉ።

«አንድ ይቀራል» አለች አክስቴ ጭኗን መታ መታ እያደረገች። «ሐኪሙ ሲያወጣው አመጣልሃለሁ።»

ቺፉ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ማን ነው የተኮሰው?»

እሷ አፏን ከፈተች። «ግመል» ልትል እንደነበር እርግጠኛ ነኝ።

«እኔ ነኝ» አሉ አጎቴ ጃርሶ።

ቺፉ ወደ አክስቴ ዞሮ መክሰስ መብቷ እንደሆነ፣ ብትፈልግ አሁኑኑ እንደሚጽፍላት ነገራት። እሷ ባሏን እንጂ ቺፉን አላየችም። «እኔ የምጠብቀው ይህን ቃል ነበር» አለች። «ለኡራን ሽማግሌዎችም ይንገራቸው። ከዚያ እንተያያለን።»

ነግረዋቸዋል። እንዴት እንደነገሯቸው የእነሱ ጉዳይ ስለሆነ አልጽፈውም።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ታሪክ ያወጣሁት አጎቴን ክርክር ረታኋቸው ለማለት አይደለም። ስለ ሆስፒታሉ ያነሱት ጥያቄ አሁንም ትክክል ነው፤ ለመምህሬም ጽፌለታለሁ። ጥናቶቹንም አልናቅኳቸውም፤ እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ ተጠንቅቄ አነባቸዋለሁ። አሁን ግን አንድ ቁጥር ሳይ የማስበው ከቁጥሩ ውጭ ስለቀረው ሰው ነው። አክስቴ ዳርሚ ለዚያ ሐኪም የነገረችው ቃል መዝገብ ላይ ሰፍሮ ቢቀር ኖሮ እሷ የምትገኘው ግመል የረገጣቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ነበር። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አንዲት ግመል ይህን ያህል ዓመት ከዋሸች፣ በሌላው ቤት ስንት ግመል አለ? አላውቅም። ለማወቅ ግን ወስኛለሁ፤ ትምህርቴንም ወደዚያው አዙሬያለሁ።

እናንተም ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካለ፣ ከማንም ጋር ከመከራከራችሁ በፊት ልጆቻችሁን የት እንዳለ ጠይቋቸው። ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም ከማለታችሁ በፊት።

ሌባው ተመልሶ መጥቶ እንደሆነ የምትጠይቁኝ ትኖራላችሁ። መጥቷል። አባቴ አሁን የብረት በር አስገብቷል፤ ከጎረቤቶቹ ጋርም ፊሽካ ተከፋፍለው፣ አንዱ ሲነፋ ሁሉም ይወጣል። ያም ሆኖ አንድ ጥቅል ሸራ ወስዶ አመለጠ። አባቴ በስልክ ሲነግረኝ ተናዶ ነበር።

«ሸራ ነው» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህትሽን አሁን አይቻት መጣሁ» አለኝ። «እግሯን ዘርግታ ነው የተኛችው።»